አርዌን በዋንዛ ላይ መቅረጽ፤ ከክብሪት ቀፎ ንድፍ እስከ ግድግዳ

ሐዋሳ ውስጥ የእንጨት ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ለግድግዳ የሚታዘዘው ቅርጽ ሁሉ ጀበና፣ ዓሣ ወይም የሐይቁ ጀልባ ነበር። አሁን አሁን ታሪክ ያለበትን የሚጠይቅ ሰው በዝቷል፤ የንግሥተ ሳባ ጉዞ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ዘንዶው፣ አርዌና አንጋቦ። ጀበና መቅረጽና ታሪክ መቅረጽ ግን ለየቅል ናቸው። ጀበናው ጀበና ከመሰለ ሥራው አለቀ። ታሪኩ ግን ማን ጠላት፣ ማን ወዳጅ እንደሆነ፣ ኃይሉ በማን እጅ እንዳለና ወደ ማን ሊዞር እንደሆነ ያለ አንድ ቃል መናገር አለበት፤ ያውም ቀለም ሳይኖረው።

ከዚህ በታች የምጽፈው የአርዌን ታሪክ በ60 በ40 ሳንቲ ሜትር የዋንዛ ጣውላ ላይ በተቦረቦረ መስመር እንዴት እንደምቀርጽ ነው። መሮ ይዞ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። የሚበዛው መሮው እንጨቱን ከመንካቱ በፊት ስላለው ሥራ ይናገራል፤ እስካሁን የተበላሹብኝ ቅርጾች አብዛኞቹ የተበላሹት ገና በወረቀት ላይ ሳሉ ነውና።

1. ከታሪኩ አንዲት ቅጽበት ምረጡ

አርዌ በግእዝ አውሬ ማለት ነው፤ አርዌ ምድር ሲባል ደግሞ እባብ። በአፈ ታሪኩ አርዌ አገር የገዛ ግዙፍ እባብ ነው። ሕዝቡ ከብት ይገብርለታል፤ አንዳንዱ ተራኪ ልጃገረድም ይጨምርበታል። በመጨረሻ አንጋቦ የሚባል ሰው ለፍየል መርዝ አብልቶ ፍየሏን አቀረበለት። አርዌ ዋጣት፤ ሞተ። አንጋቦ ነገሠ፤ የማክዳ አባትም እርሱ ነው ይባላል። ይህንን ታሪክ በሸራ ላይ የሚሥሉ ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ እስከ ማክዳና ሰሎሞን ድረስ ያለውን በ44 ትንንሽ ክፍሎች ይደረድሩታል። እነርሱ 44 ክፍል አላቸው፤ እኛ ያለን አንድ ጣውላ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚመርጠው እባቡ ሞቶ አንጋቦ በላዩ ላይ የቆመበትን ነው። እኔም የመጀመሪያዬን እንዲያ አድርጌ ቀረጽኩት፤ አንጋቦ ትልቅ አምባዛ አጥምዶ ፎቶ የተነሣ ሰው መሰለ። ሁሉ ነገር ካለቀ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር የለውም። የምመክረው ፍየሏ በሁለቱ መካከል የቆመችበትን፣ የአርዌ አፍ የተከፈተበትን፣ ግን ገና ያልተዘጋበትን ቅጽበት ነው።

ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1504 አዳምንና ሔዋንን በመዳብ ላይ ሲቀርጽ ያደረገው ይህንኑ ነው። ፍሬው ገና አልተበላም። ከእግራቸው ሥር ድመት አረፍ ብላለች፤ ፊት ለፊቷ አይጥ አለ፤ ድመቷ ግን ገና አልነካችውም። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው አይጧን ባየ ቁጥር ይጨነቅላታል። ዱረር ውድቀቱን አልቀረጸም፤ ከውድቀቱ በፊት ያለችውን አንዲት ትንፋሽ እንጂ።

2. የሚሰቀልበትን ቦታ አስቀድማችሁ እዩ

አንድ ጊዜ ለአንድ ሆቴል ቅዱስ ጊዮርጊስን ቀረጽኩ። ፈረሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይጋልባል፤ በሥራው እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልንሰቅለው ስንሄድ የመውጫው በር በቀኝ በኩል ሆኖ ተገኘ፤ ፈረሱ ለእንግዳ መቀበያው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ በሩ ይፈተለካል። ባለቤቱ ብዙ ሰዓት አዩትና «ሒሳብ ሳይከፍል ሊወጣ ነው እንዴ?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በሩ በየት በኩል ነው፣ መስኮቱ በየት በኩል ነው፣ ከወለል ስንት ከፍ ይላል። ዋናው ባለታሪክ ወደ ክፍሉ ውስጥ እንዲያመራ አድርጉት። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የተቦረቦረ መስመርን ያጎላዋል፤ ፊት ለፊት የሚያበራ አምፖል ደግሞ ይገድለዋል። ከዓይን በላይ በጣም ከፍ ብሎ የሚሰቀል ከሆነ ደቃቅ ነገር አትድከሙበት፤ ማንም አያየውም።

3. የማይቀረውን ከሚቀረው ለዩ

በወረቀት ላይ የታሪኩን ነገሮች ጻፉና አንድ በአንድ ሰርዙ። ሲሰረዝ ታሪኩ የሚጠፋበት ነገር ብቻ ይቆይ። ከእኔ ዝርዝር ተራራው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ወፎቹና ሁለተኛው ፍየል ወጥተዋል። የቀሩት አርዌ፣ ፍየሏ፣ አንጋቦ፣ ጥቂት ሰዎችና መርዙ ናቸው።

መርዙ ያስቸግራል፤ አይታይምና። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ጫፉ የሾለና መሐሉ በአንድ መስመር የተከፈለ አንድ የቅጠል ቅርጽ እመርጣለሁ። ቅጠሉን ከአንጋቦ እግር ሥር በተደፋ ገበታ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ በፍየሏ አፍ ጥግ ሌላ ጊዜ አሳየዋለሁ። ተመልካቹ ሁለቱን ሲያገናኝ ገበታው ውስጥ የነበረው ነገር አሁን ፍየሏ ሆድ ውስጥ እንዳለ ይገባዋል። ምልክት ማለት እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ የታየ ቅጠል ቅጠል ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ነገር ይሆናል። በሌላ ቦታ ግን ያንን ቅጠል ለማስዋቢያ ብላችሁ አትድገሙት፤ አንዴ ከበተናችሁት መርዝነቱ ያበቃል።

ዓይን ላይ ደግሞ አባቶቻችን ያቆዩልን ጥሩ ሕግ አለ። በቆየው የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃንና መልካም ሰዎች ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን ይሣሉና አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያደገ ዓይን ይህንን ሳይነገረው ያነበዋል። አርዌን በጎን፣ በአንድ ዓይን ቅረጹት። አንጋቦ ሰውነቱ ወደ እባቡ ቢዞርም ፊቱ ወደ እኛ ይሁን።

ፍየሏስ? መርዝ ተሸክማለች፤ ግን ክፉ አይደለችም። ብዙ ካመነታሁ በኋላ ሁለት ዓይን ሰጠኋት። ሥራውን ደጅ ላይ አስደግፌው ሳለ አንዲት ጎረቤቴ አይታ «ይቺ ፍየል ምን በደልኩ እያለችኝ ነው» ስትል ውሳኔዬ ልክ እንደነበር አወቅኩ።

4. ጉልቻውን ጎልቱ

ንድፉን በክብሪት ቀፎ ልክ ጀምሩ። በዚያች ጠባብ ቦታ ቅርፊት ወይም ጣት መሣል አይቻልም፤ ስለዚህ እጃችሁ ወዶም ሆነ ተገዶ ስለ ቦታ ብቻ ያስባል። ቢያንስ አሥር ሣሉ። ከአሥሩ የመጀመሪያዎቹ አራት አምስቱ ሁሌም ተመሳሳይ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጥመው የሚመጣው።

ሦስት ዋና ነገሮች አሉን፤ እንደ ሦስት ጉልቻ አስቧቸው። ምድጃ በሁለት ጉልቻ አይቆምም፤ ሦስቱ ደግሞ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ድስቱ ይወድቃል። ተረቱ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላል፤ በቅርጽ ሥራ ግን ጣዕሙ ያለው እዚያው ጉልቻው አቀማመጥ ላይ ነው። የአንጋቦ ራስ በግራ ከፍ ይበል፤ የአርዌ ራስ በቀኝ፣ ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ፤ ፍየሏ ከሁለቱም በታች በመካከል። ሁለቱ ከላይ ሆነው ሲፋጠጡ ሸክሙ ሁሉ የሚወርደው በትንሿ ላይ ነው። አንጋቦን መካከል ብታስቀምጡት ታሪኩ የአንድ ጀግና ምስል ይሆናል፤ አርዌን መካከል ብታስቀምጡት ደግሞ የእባብ ማስታወቂያ።

ይህ አቀማመጥ ለሌላ ታሪክም ያገለግላል። በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሆነችው አንድሮሜዳ በባሕር ዳር ከአለት ጋር ታስራለች፤ አውሬው ከባሕር ይወጣል፤ ፐርሲየስ ደግሞ ክንፍ ባለው ጫማ ከአየር ይወርዳል። ሴቲቱ፣ አውሬው፣ አዳኙ፤ ሦስት ጉልቻ። የአውሮፓ ቀራጮች ይህንን ትዕይንት ለዘመናት ደጋግመው ሠርተውታል፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ እያሏት አብዛኞቹ ነጭ አድርገው ቀረጿት እንጂ። አንድ ቀን የራሴን አንድሮሜዳ በሹሩባ እቀርጻለሁ።

ወደ አርዌ እንመለስ። የእባብ ችግሩ ርዝመቱ ነው። መካከል ላይ ጠምጥማችሁ ብታስቀምጡት ቦታውን ሁሉ ይበላል። መፍትሔው ፍሬሙን ራሱን እባብ ማድረግ ነው። ጅራቱ ከታች በግራ ጥግ ይጀምር፤ አካሉ በግራው ጠርዝ ይውጣ፣ በላይኛው ጠርዝ ይሂድ፣ በቀኙ ይውረድና ራሱ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። በብራና መጻሕፍት አናት ላይ የሚሣለውን ሐረግ ታውቁታላችሁ፤ አካሉን እንደዚያ እየተጠላለፈ እንዲሄድ አድርጉት። እንዲህ ሲሆን ጌጡና ትርጉሙ አንድ ይሆናሉ፤ ሰዎቹ፣ ምድሩ፣ ፍየሏም ጭምር በእባቡ ቀለበት ውስጥ ናቸው። አገር መግዛት ማለት ይኸው አይደል?

ቀለበቱ የሚከፈትበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ከታች፣ በጅራቱና በራሱ መካከል። አንጋቦን እዚያ አቁሙት፤ አንድ እግሩ ከሥዕሉ የታች ጠርዝ ወጣ ይበል። ከእባቡ ክበብ ውጭ ያለ ብቸኛ እግር የእርሱ ነው። ዘውድ በራሱ ላይ አትጫኑበት፤ ገና አልነገሠም።

የቀሩትን ሰዎች እንዴት እንደምትደረድሩ ለመማር አንድ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ዓሣ አራጁ ቆሮሶውን ይገፍፋል፤ አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ከብበው ይቆማሉ። ትልልቅ ወፎች ናቸው፤ ሰው የሚያህሉ፤ ሆኖም ዓይናችሁ በእነርሱ ላይ አይቆይም። የሁሉም ምንቃር ወደ ቢላዋው ስለሚያመለክት እናንተም የምታዩት ቢላዋውን ነው። አንዱ ወፍ ራሱን ወደ ሐይቁ ቢያዞር ወዲያው እርሱን ታያላችሁ። በቅርጹ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ የሰዎቹ አገጭ፣ የአንጋቦ ክንድ፣ የእባቡ ምላስ ሁሉ በፍየሏና በአፉ መካከል ወዳለችው ክፍተት ይጠቁሙ። ወደ ውጭ የሚያይ አንድ ሰው እንኳ ካለ ተመልካቹን ይዞት ይሄዳል።

ያቺ ክፍተት ሁለት ጣት ትሁን። ከዚያ ከጠበበች አፉ የተዘጋ ይመስላል፤ ከሰፋች ፍየሏ ታመልጣለች። በውስጧ ምንም አትቅረጹ። ጭረት እንኳ።

5. ከወረቀት ወደ እንጨት

የመረጣችሁትን ንድፍ በ60 በ40 ወረቀት ላይ አሳድጉት። በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጡና እዩት፤ የተጣመመ ነገር ካለ ወዲያው ይጋለጣል። ቅርጹን ቀለም ቀብታችሁ በወረቀት ላይ ልታትሙበት ካሰባችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው ገልብጣችሁ ሣሉ፤ አለበለዚያ በኅትመቱ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦሩን በግራ እጁ ይይዛል።

ዋንዛ ለመሮ ይመቻል፤ ውድ በመሆኑ ግን ከቤት ዕቃ ሠሪዎች ቁራጭ እገዛለሁ። ውፍረቱ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ በደንብ የደረቀ ይሁን። በብርጭቆ ወረቀት ከ80 ጀምራችሁ እስከ 240 ካለሳለሳችሁት በኋላ በአኳራጅ የቀጠነ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ቀቡትና ይድረቅ። ይህንን አትዝለሉ፤ ምክንያቱን በቁጥር 8 ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ንድፉን በካርቦን ወረቀት ወደ ጣውላው አስተላልፉ።

6. መቅረጽ

ጣውላውን በሞርሳ አጥብቁ። ሁለቱም እጆቻችሁ ከመሮው ስለት በኋላ ይሁኑ፤ መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ የዚህ ትምህርት ክፍያ ነው። ጫፉ የ«ቪ» ቅርጽ ያለው መሮ ዋናው መሣሪያ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ ሳሉት። የደነዘዘ መሮ አይቆርጥም፤ ይቀድዳል።

መስመሮቹን በሦስት ጥልቀት ክፈሉ። የአንጋቦ፣ የፍየሏና የአርዌ ራስ ዙሪያ መስመር ወደ 3 ሚሊ ሜትር፤ የእባቡ አካልና ሰዎቹ ወደ 2፤ የጥላ ጭረቶች ከ1 አይበልጡ። ቀለም የለንምና ቅርብና ሩቅ፣ ዋናና አጃቢ የሚለየው በዚህ ነው። ጥልቁን አስቀድሙ።

እንጨት በአንድ አቅጣጫ እንደሚሰነጠቅ አትርሱ። የእባቡን ኩርባ በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ ካላችሁ ግማሹ ላይ መሮው ጣውላውን ቦጭቆ ይወጣል። ኩርባውን ከሁለት ጫፍ ጀምራችሁ መካከል ላይ አገናኙት፤ መሮው መቦጨቅ በጀመረበት ቅጽበት አቁሙና በተቃራኒው ኑ።

የፍየሏን ዓይን ለብቻው ላንሣው። ክብ ብሌን ብትቀርጹላት ውሻ ትሆናለች፤ ወይም ሰው። የፍየል ብሌን አግድም የተኛ ጠባብ አራት ማዕዘን ነው። ዙሪያውን ቀጭን የለውዝ ቅርጽ አውጡ፤ መሐሉ ላይ በትንሽ ጠፍጣፋ መሮ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች ጫን አድርጉና ስባሪውን በመርፌ አውጡ። ሁለት ምት ነው። ሦስተኛ ምት አታክሉ፤ ዓይኑ ይሰፋና የደነገጠች ፍየል ትሆናለች፤ እኛ የምንፈልገው ምንም የማታውቅ ፍየል ነው።

7. ሳይቀረጽ የሚቀረው

እጅ ሲሞቅ ሁሉን መሙላት ያምረዋል። ቅርፊት፣ ሣር፣ ደመና፣ በቀሚስ ላይ ጥለት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥሩ ሥራ የሚሞተው። አክሱም አጠገብ ጎቦድራ በሚባለው ቦታ በአለት ላይ የተቀረጸች አንበሳ አለች፤ ከ3 ሜትር በላይ ትረዝማለች። አፈ ታሪኩ ቅዱስ ሚካኤል ከአንበሳዪቱ ጋር ታግሎ ከአለቱ ጋር ሲያላትማት ቅርጿ ታትሞ ቀረ ይላል። ሥራዋ ከዙሪያ መስመር ብዙም አያልፍም፤ ጸጉር በጸጉር አልተቆጠረባትም፤ ሆኖም ስትዘል ትታያለች።

ነጭ ማለት በእኛ ሥራ ያልተነካ እንጨት ማለት ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ በሥዕል ነጭ ነው፤ በቅርጽ ነጭ የምታደርጉት ፈረሱን ራሱን ሳትነኩ ከበስተኋላው ያለውን በተቀራረቡ ጭረቶች በማጥቆር ነው። ፍየሏንም እንዲሁ አድርጓት። የእባቡን ቅርፊት ደግሞ አካሉ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በኩርባው ውጫዊ ጎን ብቻ ቅረጹ፤ ቀጥ ያለው ክፍል ባዶ ይሁን። ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

እየሠራችሁ በየጊዜው አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ዓይናችሁን አጥብባችሁ እዩ። መጀመሪያ የሚታያችሁ ያቺ የሁለት ጣት ክፍተት ካልሆነች አንድ ቦታ አብዝታችኋል ማለት ነው። የተቀረጸ አይመለስም፤ ግን በክፍተቷ ዙሪያ ያሉትን ጭረቶች በማጥቆር መልሳችሁ ልታስነሷት ትችላላችሁ።

8. ማጥቆርና መጨረስ

ደቅቆ የተነፋ የከሰል ዱቄት ወይም ጥላሸት ከተልባ ዘይት ጋር እንደ ወፍራም ሊጥ ለውሱ። በጨርቅ ወደ መስመሮቹ አሹት፤ ጥቂት ቆይታችሁ ላይኛውን ገጽ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ቀድሞ የተቀባው ቫርኒሽ ጥቁሩ ወደ እንጨቱ እንዳይሰርግ ያግዳል። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ዘለልኩት፤ ጥላሸቱ በእንጨቱ ጭረት ውስጥ ተሰራጭቶ ነጯ ፍየል ጅብ መስላ ቀረች። ጣውላውን ገልብጬ በጀርባው ሌላ ቀረጽኩበት።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት። የእንጨት ብናኝ በሞላበት ክፍል ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

የተልባ ዘይት ሳይቸኩል ነው የሚደርቀው፤ አንድ ሁለት ሳምንት ስጡት። በጣት ስትነኩት ካልለቀቀ ቫርኒሹን ሁለት ጊዜ በስሱ ቀቡ። ጀርባውንም ቀቡ፤ ማንም ባያየውም። ፊቱ ብቻ የተቀባ ጣውላ ከሐይቁ የሚመጣውን እርጥበት በጀርባው በኩል ብቻ ይጠጣና ይጣመማል፤ በተለይ በክረምት። ማንጠልጠያውን በሁለት ቦታ እሰሩ፤ በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ቅርጽ በሩ በተዘጋ ቁጥር ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ዕለት ደግሞ አንጋቦ ወደ እባቡ አፍ ይንሸራተታል።